ኩልና ተልባ በማረጥ ዘመን

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 50 ዓመት ሲሆን የወር አበባዬ ከቀረ አሥር ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ድንገት ከደረቴ እስከ ፊቴ ድረስ እሳት ይለቀቅብኛል፤ ሌሊት ደግሞ ላብ አጥምቆኝ፣ ልቤ ድው ድው እያለ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እነቃለሁ። ጎረቤቶቼ መክረውኝ ተልባና የአብሽ ዱቄት በጥብጬ ጠዋትና ማታ እጠጣለሁ፤ ጤና አዳም የተፈላበት ውኃም እጨምርበታለሁ። የስኳር ሕመም ስላለብኝ ግሊቤንክላሚድ እወስዳለሁ። ማድያትም ወጥቶብኝ ከገበያ የገዛሁት ክሬም መጀመሪያ አጥርቶልኝ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ቀን ስተወው ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ኩል እኳላለሁ። ልጄ ‹በዚህ ዕድሜሽ መኳኳል ይቅርብሽ› ትለኛለች። መዋብ ልተው ወይ? የምጠጣውስ ይበጀኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ባነሣችው ልጀምር። አንዲት ሴት 50 ዓመት ስለሞላት ኩሏን ወይም የከንፈር ቀለሟን እንድትተው የሚያዝ የሕክምና ምክንያት የለም። ወሎ ውስጥ እናቶች ፀጉራቸውን በአደስና በለጋ ቅቤ አርሰው፣ ተኩለው ለሠርግ ሲወጡ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ፣ መዋብን ለልጃገረዶች ብቻ የሚሰጥ ምክር ከእኔ አይጠብቁ። ሆኖም በደብዳቤዎ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁለቱ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው። አንደኛው ክሬሙ ነው። ሌላው፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ፣ አብሹና የስኳር ኪኒንዎ አንድ ላይ መሆናቸው ነው።

ግሊቤንክላሚድ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚገፋፋ መድኃኒት ነው። አብሽም በበኩሉ የደም ስኳርን የማውረድ ጠባይ አለው። በወጥ ውስጥ የሚገባው ጥቂት አብሽ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ማታ ማታ በብርጭቆ የሚጠጣው ግን መጠኑ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱ ተደርበው እርስዎ እራትዎን ቀለል አድርገው ካደሩ፣ ስኳርዎ በእንቅልፍ ላይ እያሉ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ይህን ደግሞ በማረጥ ምክንያት ከሚመጣው የሌሊት ሙቀትና ላብ በስሜት ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጡ ግን ወደ ስኳሩ እንድጠረጥር አድርጎኛል። ስለዚህ የአብሹን መጠጥ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ኪኒኑን ግን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይተዉት። ሌሊት ሲነቁ መለኪያ መሣሪያ ካለዎት ጣትዎን ወግተው ይለኩ። ከ70 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ.) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለዎት ምልክቱ እንደታየ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለዎት ይድገሙት፤ ከተሻለዎት በኋላ ደግሞ ምግብ ይቅመሱ። የለኩትን ቁጥርና ሰዓቱን በወረቀት ይያዙልኝ። ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ላቡ ከመጣ ያኔ ወደ ማረጡ እንመለሳለን። ክብደት የሚቀንሱ፣ ሳምንታት ያለፈው ሳል ያለብዎት ወይም አንገትዎ ላይ እንቅርት ያበጠብዎት ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ የሳንባ ነቀርሳም የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ሰውን በላብ ያጠምቃሉ።

ማረጥ ራሱ በሽታ አይደለም። በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ እንቁላል ማኅደር ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ማምረቱን እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንዲት ሴት አረጠች የሚባለውም የወር አበባዋ ያለማቋረጥ 12 ወር ሲቀር ነው። እርስዎ ገና በአሥረኛው ወር ላይ ስለሆኑ፣ ባለትዳር ከሆኑ እስከ ዓመቱ ድረስ የእርግዝና መከላከያ እንዳይተዉ ይሁን። ኢስትሮጅን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ለትንሽ ለውጥ ሁሉ ይደነግጣል፤ ፊት የሚነደውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ሙቀት በብዙ ሴቶች ላይ ለዓመታት ይቆያልና «ያልፋል፣ ቻይው» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይመስለኝም።

ወደሚጠጡት እንመለስ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ሆድ ያለሰልሳል፣ ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ይቀንሳል። በውስጡ ከኢስትሮጅን ጋር የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ለማረጥ ሙቀት ይበጃል ተብሎ ተጠንቷል፤ ተልባ የወሰዱና መድኃኒት ያልሆነ ማስመሰያ የወሰዱ ሴቶች ሲወዳደሩ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ከወደዱት ይጠጡት፣ መድኃኒትዎን የሚተካ ግን አይምሰልዎ። ከኪኒንዎ ጋር አንድ ላይ አይውሰዱት፤ ልጋጉ መድኃኒቱ በአንጀት ውስጥ እንዳይሰርግ ሊያደርግ ስለሚችል በመካከላቸው የአንድ ወይም የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። የአኩሪ አተር ምግቦች በአንዳንድ ሴቶች ሙቀቱን በጥቂቱ ያበርዳሉ። ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ብላክ ኮሆሽ የተባለ የዕፅዋት ኪኒን ደግሞ አልፎ አልፎ ጉበትን እንደጎዳ የሚታወቅ ስለሆነ፣ የጉበት ችግር ያለባት ሴት ባትነካው ይሻላል። ጤና አዳምን በቡና ላይ ጣል ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በብዛት አፍልቶ በየቀኑ መጠጣት ግን ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያርፍበትም ቆዳውን ያቆስላል፣ ጠባሳውም ጠቁሮ ይቀራል። ማድያት ላለበት ፊት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዎታል።

ስለ ወይባ ጢስ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን የአካባቢያችን ሴቶች ለገላ ጥራት ስለሚቀመጡበት ላንሣው። በማረጥ ሙቀት የምትንገበገብ ሴት ብርድ ልብስ ተከናንባ በፍም ላይ ስትቀመጥ ሙቀቱ ይቀሰቀስባታል፤ ከመቀመጫዋ ስትነሣም ደም ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። በተዘጋ ክፍል ከሆነ ደግሞ የከሰሉ ጭስ ራሱ ገዳይ ነው። የሚቀመጡ ከሆነ በሩ ክፍት፣ ጊዜው አጭር፣ አጠገብዎ ሰው ያለበት ይሁን።

አሁን ወደ ኩሉ። በየገበያው በትንንሽ ብልቃጥና በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ዱቄት ከምን እንደተፈጨ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። አንዳንዱ ጥላሸት ነው፤ ሌላው ግን ጋሌና የተባለ፣ አብዛኛው ክፍሉ እርሳስ የሆነ ብርማ ድንጋይ ነው። እርሳስ ስል የመጻፊያውን ሳይሆን ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ብረት ማለቴ ነው። ዱቄቱ ከዓይን ዕንባ ጋር ይወርዳል፣ ጣት ላይ ይቀራል፣ ከጣት ወደ እንጀራ፣ ከእንጀራ ወደ ሆድ ይገባል። ሰውነት እርሳስን ካልሲየም እየመሰለው አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ካለው እርሳስ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው የሚገኘው በአጥንት ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል።

ማረጥ ይህን የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው። ኢስትሮጅን ሲቀር አጥንት መሳሳት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ደግሞ ፍጥነቱ ከሁሉ ይበልጣል። አጥንት ሲሳሳ በልጅነት ከኩሉ የገባው እርሳስ ከካልሲየሙ ጋር ተፈትቶ ወደ ደም ይመለሳል፤ ካረጡ በኋላ የሴቶች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እርሳስ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምንም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። እንግዲህ ከልጅነትዎ ጀምሮ የተኳሉት ኩል እርሳስ ያለበት ከሆነ፣ አሁን በላዩ መጨመር የሌለብዎ ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ሱና ነው ብለው የሚኳሉ እናቶችም ብዙ ናቸው፤ ከሃይማኖቱ ጋር ክርክር የለኝም፣ የምለምነው ዱቄቱ እንዲቀየር ብቻ ነው። የአምራቹ ስምና የተሠራበት ነገር ተጽፎበት የሚሸጥ የዓይን መኳያ (አይላይነር) ይግዙ፤ ከሽፋሽፍቱ ሥር በውጭ በኩል ያድርጉት፣ ወደ ውስጠኛው የዓይን ጠርዝ አያስገቡት። ማረጥ ዓይንንም ያደርቃል፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ጥቃቅን የቅባት ቀዳዳዎች በኩሉ ዱቄት ሲደፈኑ መቆጥቆጡ ይብሳል። የኩሉን እንጨት ደግሞ ከልጅዎ ጋር እንኳ አይዋዋሱ፤ ትራኮማ ገና ባልጠፋበት አገር የዓይን ሕመም በዚያ መንገድ ይሻገራል።

የክሬሙ ነገር ከዚህ ይልቅ ያስቸኩላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሲቀመጡ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ጠርቶ ነበር። በእርጥብ ፎጣ ጉንጫቸውን ስጠርገው ግን ቆዳው ሳስቶ፣ ከሥሩ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ጥልፍ ክር ተጠላልፈው ታዩኝ። ከቦርሳቸው ባወጡት ቱቦ ላይ በደቃቅ ፊደል ክሎቤታሶል ተብሎ ተጽፏል። ይህ ስቴሮይድ ከሚባሉት የቆዳ ቁጣ ማብረጃ ቅባቶች መካከል እጅግ ብርቱ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ፊት ላይ የማይደረግ፣ በሌላው ገላ ላይም ከሁለት ሳምንት በላይ የማይቀባ መድኃኒት። እሳቸው ስምንት ወር ቀን በቀን ተቀብተውታል። ማረጥ በራሱ የቆዳን ማገር በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ውስጥ እስከ ሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ሲታሰብ፣ በሳሳ ላይ ማሳሳት ነበር።

እርስዎ «ስተወው ይቀላል፣ ያቃጥለኛል» ያሉት ከዚሁ ጋር ስለሚመሳሰል ቅባትዎ ስቴሮይድ አለበት ብዬ እገምታለሁ። ያቁሙት፤ ቱቦውን ይዘው በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ካቆሙ በኋላ ለሳምንታት ፊትዎ ሊቆጣ ይችላል፤ ያኔ ተመልሰው እንዳይቀቡት እለምንዎታለሁ፣ ሐኪሙ የሚያስታግስ ሌላ ነገር አለው። ሌሎች የሚያነጡ ክሬሞች ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ አለባቸው፤ ይህም ኩላሊትን ይጎዳል፣ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ኩላሊት የዓይን ብሌን ያህል የሚጠበቅ ነው። በማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» የሚል ስም ካለ ወይም «ወርቅና ብር እንዳይነካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ባዜቃ ያለበት ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ለማድያቱ ዋናው ነገር ፀሐይን መከላከል ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ብርዱ ያታልላል እንጂ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይበረታል። ጃንጥላዎን ይያዙ፤ መከላከያ መጠኑ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ይቀቡ። መዋቢያ ራሱ የሚረዳበት ቦታ ቢኖር እዚህ ነው፦ የቆዳ ቀለም ያለው፣ የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት የፊት ቅባት ተራው የፀሐይ ቅባት የማይከለክለውን የብርሃን ክፍል ስለሚይዝ ማድያት ላለባት ሴት ከጌጥም በላይ ነው። ቆዳዎ ስለሚደርቅ ደረቅ ዱቄት ከሚነሰንሱ ፈሳሹን ወይም ክሬሙን ይምረጡ፤ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ከሥር ይቅደም። እንሶስላና ንጹሕ ሂና አይጎዱም፤ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ግን ብርቱ አለርጂ የሚያስነሣ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ይገባበታል። ቅቤውና አደሱ ይቀጥል፤ ሹሩባው ብቻ ግንባር ላይ አይጥበቅ፣ በዚህ ዕድሜ የሳሳ ፀጉር ሲጎተት ተመልሶ ላይበቅል ይችላልና።

ሙቀቱ ከማረጥ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ። ብርቱው የሆርሞን ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ትልቅ ጥናት ብዙ ሐኪሞችን አስፈርቶ ነበር፤ በኋላ ውጤቱ በዕድሜ ተለይቶ ሲታይ ግን ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ አሥር ዓመት ላልሞላቸው ጤናማ ሴቶች ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ታውቋል። ለእርስዎ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ የልብና የጡት ታሪክዎ አስቀድሞ መታየት አለበት። ሆርሞኑ ባይስማማዎት ወይም ባይገኝ፣ በዝቅተኛ መጠን የሚሰጡ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችና ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ ሕመም መድኃኒት የሌሊቱን ላብ ይቀንሳሉ። ለአጥንትዎ ወተት፣ ጎመን፣ ሰሊጥና ጤፍ አይጉደልብዎ፤ በጾምም በረመዳንም ወራት ይህን ያስቡበት። በየቀኑ በእግር መሄድ ለአጥንቱም ለስኳሩም ይበጃል።

ብዙ እናቶች የሚያፍሩበትን አንድ ነገር ደግሞ እኔ ልናገረው፦ በግንኙነት ጊዜ ድርቀትና ሕመም ካለብዎ ሐኪም የሚያዘው በብልት ውስጥ የሚቀባ የኢስትሮጅን ክሬም አለ፤ ዕፅዋትም ሆነ ጢስ ወደዚያ አይግባ። ዓመቱ ሞልቶ ካረጡ በኋላ ጠብታም ቢሆን ደም ከታየዎት፣ ባይደጋገምም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት መመርመር አለብዎት።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የክሬሙን ቱቦ፣ የኩሉን ብልቃጥ፣ የሚጠጡትን ዱቄት በፌስታል፣ ኪኒኑን ከነካርዱ፣ የሌሊቱን የስኳር ቁጥር ከነወረቀቱ አንድ ላይ ይዘው ይሂዱ፤ ልጅዎንም ይውሰዷት።