የላም ፅንስ ላብራቶሪ ውስጥ ስናሳድግ ሚዲያው (ፅንሱ የሚያድግበት ፈሳሽ) ላይ ምን እንጨምር? ጠይቁኝ

ከቄራ በሚመጣ የላም እንቁላል ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ማዳቀሉም ሆነ ማሳደጊያ ሚዲያው የከበዳችሁ ካላችሁ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከ100 እንቁላል ብላስቶሲስት (ሳምንት ገደማ የሆነው ፅንስ) የሚደርስልኝ 20 ብቻ ነው። ሜላቶኒን (ሴልን ከጉዳት የሚከላከል አንቲኦክሲደንት) ልጨምር?

ቆይ፣ አትቸኩል። ከ30 እስከ 40 ማግኘት የተለመደ ስለሆነ የሆነ ቦታ ጉድለት አለ። መጀመሪያ ከተዳቀለ በኋላ ስንቱ እንቁላል ወደ ሁለትና ከዚያ በላይ ሴል እንደተከፈለ ቁጠር። መከፈሉ ራሱ ካነሰ ወደ ኋላ ተመለስና የእንቁላሉን ብስለትና የኮርማውን ዘር እይ። ሳይዳቀል የቀረን እንቁላል ሜላቶኒን አያድነውም።

ጥያቄ፦ አንቲኦክሲደንት ግን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ላሟ ሆድ ውስጥ ፅንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ከአየሩ በጣም ያነሰ ነው፤ እኛ ግን አውጥተን 20 ከመቶ ውስጥ እናስቀምጠውና ሴሉን የሚጎዱ ነገሮች ይበዙበታል። ስለዚህ ኢንኩቤተርሽን 5 ከመቶ ኦክስጅን ላይ ማድረግ ከቻልሽ ከየትኛውም ዱቄት በፊት እሱን አድርጊ። ከዚያ እንቁላሉ ከመዳቀሉ በፊት የሚበስልበት ሚዲያ ላይ 100 ማይክሮሞላር ሲስቲያሚን ሞክሪ። እንቁላሉ ግሉታታዮን (ሴሉ ራሱ የሚሠራው አንቲኦክሲደንት) እንዲያጠራቅም ይረዳዋል፣ ያም ከተዳቀለ በኋላ ስንቅ ይሆነዋል።

ጥያቄ፦ ሴረም (ከደም የሚለይ ፈሳሽ) ስጨምር ፅንሱ ቶሎ ያድጋል። ለምን ተው ይሉኛል?

ፍጥነቱ ስለሚያታልል ነው። ማይክሮስኮፕ ስር አስተውለው፣ ጠቆር ብሎ ታየዋለህ። ስብ ነው። እንዲህ ያለው ፅንስ ቅዝቃዜ አይችልም፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቀዝቅዘህ አስቀምጠህ ስታቀልጠው ብዙው ይሞትብሃል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከመጠን በላይ ገዝፎ የሚወለድ ጥጃ ነው፣ ምጥ ላይ የምትሰቃየው ላሟ ናት። ሴረሙን በአልቡሚን (ከደም በሚለይ ፕሮቲን) ተካው። ስቡን ለመቀነስ ኤል-ካርኒቲንም (ሴሉ ስብ እንዲያቃጥል የሚረዳ ንጥረ ነገር) ይሞከራል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ብጨምርስ?

በፍጹም። አንድ በአንድ። የዚያኑ ቀን እንቁላል ለሁለት ክፈይና ግማሹን ያለ ጭማሪ አሳድጊ። ጭማሪውን በአልኮል ካሟሟሽው፣ ያንኑ ያህል አልኮል ኮንትሮሉም (ያለ ጭማሪ የሚያድገው ግማሽ) ላይ ይግባ፤ አለበለዚያ የምትለኪው ምኑን እንደሆነ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ሁሉን እንደ ድሮው እየሠራን ውጤቱ በድንገት ወረደ። ምን ይሆን?

እኛም ደርሶብናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭማሪ ስንቀያይር ከረምን፣ ለካ ጉዱ ያለው ሚዲያው ላይ የምናለብሰው የማዕድን ዘይት ነበር። ጠርሙሱ መስኮት ዳር ተቀምጦ ብርሃን ሲመታው ከርሟል። አዲስ ከፍተን ጨለማ ቦታ አስቀመጥን፣ በሚቀጥለው ዙር ፅንሶቹ ተመለሱ። እናንተም ከዘይቱ ጀምሩ።