ምን ይጎድለዋል? የራሳቸውን ሠራዊት ለሚነድፉ ወጣቶች

ይድረስ በሚኒየቸር (ጠረጴዛ ላይ በሚሰለፉ ትንንሽ ምስሎች) የሚካሄደውን የፋንታሲ ጦርነት ጨዋታ ለምትወዱና የራሳችሁን ሠራዊት ለመንደፍ ለተነሣችሁ ወጣቶች።

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በእንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም አካባቢ፣ የጨዋታ ደንብ ስጽፍና የሌሎችን ረቂቅ ሳርም ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ከእናንተ የሚደርሱኝ ረቂቆች አብዛኞቹ አጀማመራቸው አንድ ነው፦ የንጉሡ ስም፣ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ፣ የማይበሳ ጥሩር፣ ዘንዶ የሚጋልብ ጀግና። ሥዕሉ አንዳንዴ እጅ ያስቆረጥማል። ግን ገጽ በገጽ ብገልጥ፣ ይህ ሠራዊት ምን አይችልም ለሚለው ጥያቄ መልስ አጣለሁ። የምጽፍላችሁም ስለዚሁ ነው። ሠራዊት ሲነደፍ አስቀድሞ የሚወሰነው የሚጎድለው ነገር ነው፤ የሚችለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ እየተጣደፉ ያንቀሳቅሳሉ። እንደዚያም ሆኖ በእጃቸው ያለው ኃይል እኩል ነው፤ አንዱ ያለው ሁሉ ሌላውም ዘንድ አለ። በእኛ ጨዋታ ግን አንዱ ሠላሳ ድዋርፍ (የተረት ድንክ ተዋጊ) ያሰልፋል፣ ሌላው መቶ አይጥ ያፈስበታል። እኩልነቱ ከሰማይ አይወርድም፣ ነዳፊው ነው የሚሠራው። የሚሠራበትም ዋናው መሣሪያ ጉድለት ነው።

ምሳሌ የማመጣው ዋርሃመር ከሚባለው የፋንታሲ ጦርነት ጨዋታ የቀድሞ እትሞች ነው፤ በደንብ የማውቀው እሱን ነውና። በ1983 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ካልገለጽሁ በስተቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓ ነው) ብራያን አንሰል፣ ሪቻርድ ሃሊዌልና ሪክ ፕሪስትሊ ሲያወጡት፣ አንዱ ዓላማ ሲታደል የተባለው አምራች የሚሸጣቸው ምስሎች በብዛት የሚሰለፉበት ጨዋታ እንዲኖር ነበር። ንግድ ነው፤ አትፈሩበት። ከዚያ የወጣው ግን ለዐሥርተ ዓመታት የዘለቀ የንድፍ ትምህርት ቤት ነው።

እስቲ ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። የኢምፓየር (የሰዎች መንግሥት) ተራ ወታደር የእጅ ለእጅ ብልሃቱ 3፣ ኃይሉ 3፣ ጽናቱ 3 ነው። ድዋርፉ ብልሃቱም ጽናቱም 4 ነው፤ ኃይሉ ግን ያው 3። አሁን ከሰው ወገን 10 ምት ይሰንዘር። 4ና ከዚያ በላይ ያወጣ ዳይስ ያገኛል፤ በአማካይ 5ቱ ደረሱ። የተመታው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ከ5ቱ ግማሹ ያቆስላል። ድዋርፍ ሲሆን ግን ለማቁሰል 5 ወይም 6 መውጣት አለበት፤ ስለዚህ አንድ ተኩል ገደማ ብቻ ይቀራል። ከባድ ጥሩርና ጋሻ ካለው ደግሞ ከዚያም ግማሹን ያከሽፈዋል። 10 ምት ተሰንዝሮ በአማካይ አንድ ድዋርፍ እንኳ አልሞተም! ያበዛነው ግን አንድ የጽናት ነጥብና ትንሽ ብረት ነው።

ወኔውን ጨምሩበት። መጽሐፉ አመራር ይለዋል፤ በሁለት ዳይስ ድምር ይፈተናል፣ ከቁጥሩ ካልበለጠ ጭፍራው ይቆማል። የሰው 7 ነው፣ የድዋርፍ 9። ሲታይ ሁለት ነጥብ ነው፤ የተራራቁ አይመስሉም። ሁለቱም ውጊያውን በ2 ተሸንፈው ይፈተኑ እንበል። ሽንፈቱ ከወኔው ይቀነሳል። ሰውየው 5ና ከዚያ በታች ማውጣት አለበት፤ ከ36 ዕድል 10 ማለት ነው። ድዋርፉ 7ና ከዚያ በታች ይበቃዋል፤ ከ36ቱ 21። አንዱ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ይሸሻል፣ ሌላው ከግማሽ በላይ ይቆማል። ሁለት ዳይስ በሚጣልበት ቦታ አንድ ነጥብ መሐል ላይና ጫፍ ላይ ዋጋው አንድ እንዳልሆነ በጣታችሁ ቆጥራችሁ እስክታውቁት ድረስ፣ እባካችሁ ለማንም ልዩ ደንብ አትጻፉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የተሰጠው ድዋርፍ ለምን ሁልጊዜ አያሸንፍም? እርምጃው 3 ኢንች ስለሆነ ነው። ሰው 4፣ ኤልፍ የተባለው የተረት ፍጡር 5 ይራመዳል። ድዋርፍ ፈረሰኛ የለውም፣ አስማተኛም የለውም፤ ያሉት ሩኖች (የተቀረጹ ምትሐታዊ ፊደላት) እና መድፎች ናቸው። ስለዚህ መቼና የት እንደሚዋጋ የሚወስነው ባላጋራው ነው። ድዋርፉ ቦታ ይመርጣል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል። ታሪኩ ውስጥ እልኸኛ፣ ቂም የማይረሳ፣ ከተራራው የማይወርድ ሕዝብ ነው ይባላል። ታሪኩን ያላነበበ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ሲያሰልፈው በራሱ ጊዜ እንደ ድዋርፍ ማሰብ ይጀምራል። ንድፍ ሠራ የምለው ያኔ ነው።

ስኬቨን የሚባሉት አይጥ ሰዎች ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው። ወኔያቸው 5 ነው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ጥላቸውን ይፈራሉ። ግን ከኋላቸው ለተደረደረ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ነጥብ ይጨመርላቸዋል፤ እስከ ሦስት። ሦስት ረድፍ ከኋላው ያለው ጭፍራ ወኔው 8 ሆነ ማለት ነው፤ ከሰው በለጠ። ውጊያው ሲጀመር የፊተኞቹ ይረግፋሉ፣ ረድፉ ይሳሳል፣ ወኔውም አብሮ ይወርዳል። አንዲት አጭር ደንብ ናት። ብዙ ገጽ ታሪክ ቢጻፍ ከዚህ በላይ ስለ አይጥ አይነግረንም።

ከሁሉ የምወደው ግን የጎብሊኖቹን ነው። ኦርክና ጎብሊን የተባሉት ጭራቆች እርስ በርሳቸው ስለሚናቆሩ በየተራው ዳይስ ይጣልላቸዋል፤ 1 ከወጣ ትእዛዝ ትተው ይጨቃጨቃሉ። አለቃ የሆነው ተጫዋች ራሱን ይዞ ከመቀመጥ ሌላ አማራጭ የለውም። የሌሊት ጎብሊኖች ጭፍራ ውስጥ ደግሞ በሰንሰለት የታሰረ ትልቅ የብረት ኳስ የሚያሽከረክሩ እብዶች ይደበቃሉ። ጠላት 8 ኢንች ውስጥ ሲገባ ይወጣሉ፤ የሚሄዱበትን ርቀት ዳይስ ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ አቅጣጫቸውንም እንዲሁ። ጠላትን ይፈጫሉ፣ ወገንንም ይፈጫሉ። ልብ በሉ፣ ይህ መሣሪያ ገና ሳይወጣ ነው መሥራት የሚጀምረው። ባላጋራ በየትኛው ጭፍራ ውስጥ ስንት እንዳለ ስለማያውቅ ፈረሰኛውን ያቆማል፣ አንድ ርካሽ ክፍል አስቀድሞ ይልካል፣ ያመነታል። ጉድለቱና ኃይሉ አንድ ነገር ሲሆኑ ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ይኖራል። ተሸናፊውም ሲስቅ ካያችሁ ያን ደንብ አትንኩት።

ጉድለት ሲረሳ ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ በ2008 የወጣውን የኬዮስ አጋንንት መጽሐፍ ተመልከቱ። ሠራዊቱ በሙሉ ባላጋራን ያስፈራል፤ ራሱ ግን ፍርሃት አያውቅም፣ እንደ ሌላው አይሸሽም፣ ጥሩር ሳይለብስ እንኳ ከምት ሁሉ ሲሶው የሚከሽፍበት መከላከያ አለው። እያንዳንዱ ነገር ለአጋንንት የሚገባ ነው፤ ለየብቻው የሚነቀፍ የለውም። አንድ ላይ ሲሆን ግን ሌላው ተጫዋች የሚይዘው እጀታ ጠፋ። ብዙ የውድድር አዘጋጆች የራሳቸውን ገደብ እስከ ማውጣት ደረሱ። ከውጊያው ደንብ ግማሹን ያህል የማይነካው ሠራዊት ከሠራችሁ፣ የሠራችሁት ሌላ ጨዋታ ነው።

ወደ ነጥብ እንምጣ። የአንድ ወታደር ዋጋ የሚወጣበት ቀመር እንዲኖር ሁሉም ይመኛል፤ እኔም ቀመር አልጠላም፣ መነሻ ይሆናል። ግን ዋጋ የመሣሪያው ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የያዘውም ጭምር ነው። በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ ኃይልን በ2 ይጨምራል፣ ባለቤቱን ግን መጨረሻ ላይ እንዲመታ ያዘገየዋል። ለተራ ሰው ይህ እውነተኛ ዕዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰይፉን ሳያነሣ ይሞታል። በ2007 በወጣው የሃይ ኤልፍ (የኤልፎች አንዱ ወገን) መጽሐፍ ግን ኤልፎቹ ምንም ይያዙ ምን ቀድመው ይመታሉ ተባለ። የሰይፍ ሊቃውንታቸው ኃይሉን ወሰዱ፣ ዕዳውን ግን አልከፈሉም። እንግዲህ የዚያ ሰይፍ ዋጋ ለሁለቱ አንድ ሊሆን ነው? ዋጋ ስታወጡ ማን ይዞታል፣ ከጎኑ ማን ቆሟል፣ ጀግናው ሲቀላቀለውስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቁ።

ጀግና ካልሁ አይቀር፦ በ1990ዎቹ፣ በ4ኛውና በ5ኛው እትም፣ አንድ ጌታ ምትሐታዊ ዕቃ ተሸክሞ ዘንዶ ላይ ከወጣ የቀረው ሠራዊት ተመልካች ነበር። በ2000 የመጣው 6ኛው እትም ጭፍሮችን ዋና፣ ልዩና ብርቅ ብሎ ከፍሎ የግድ እግረኛ እንዲኖር አደረገ። በ2010 ደግሞ 8ኛው እትም በመቶኛ ሄደ፤ ቢያንስ 25 በመቶ ከዋናው፣ ለጌቶች ቢበዛ 25 በመቶ። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር አያልቅም፤ እኔ መቶኛውን እመርጣለሁ፣ ለትንሽም ለትልቅም ጨዋታ ይሠራልና። ከዋናው ክፍል ግን አትሽሹ። ዋናው ጭፍራችሁ አሰልቺ ከሆነ ተጫዋቹ እንደ ግብር ነው የሚከፍለው።

ስለ ምስሉ ብዙ አልልም፤ ቀራጮቹ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ሚኒየቸሩ ቁመቱ 28 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ የሚታየው ከክንድ ርቀት ነው። ባላጋራ ዓይኑን አሻግሮ ማን ጦር እንደያዘ፣ ማን ቀስተኛ እንደሆነ በቅርጹ ብቻ መለየት አለበት። የኢምፓየር ወታደሮች ከ15ኛውና 16ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ቅጥረኛ ወታደሮች አለባበስ የተቀዱ ናቸው፤ የተተለተለ እጅጌ፣ ላባ የተሰካበት ቆብ። ሰው ከሩቅ ያውቃቸዋል። የፕላስቲክ ሻጋታ ከብረት የሚቆረጥ ውድ ነገር ስለሆነ፣ አንዱ ሻጋታ ለሁለት ዓይነት ጭፍራ እንዲያገለግል አድርጋችሁ ብትነድፉ ፋብሪካው ይወዳችኋል። ቤታችሁ ምስል የሚያወጣ ማተሚያ (3D ፕሪንተር) ያላችሁ ደግሞ ይህ ጭንቀት የለባችሁም፤ ታድላችኋል።

ከመካከላችሁ ጥቂቶች ከአገራችን ታሪክ የተቀዳ ሠራዊት ልከውልኛል። ደስ ይለኛል፤ ጎፈር፣ ጋሻና ካባ ከሩቅ የሚለይ ቅርጽ ነው። ነገር ግን ጀግንነት ብቻ የተሞላ ሠራዊት ከላይ ካልኋቸው አጋንንት አይለይም። ዓድዋን ብታስቡ፣ ወደ 100,000 የሚገመተው የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት በየካቲት 1888 ዓ.ም. ትልቁ ጭንቀቱ ወኔ አልነበረም፣ ስንቅ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ብዙ መሰንበት አይችልም። ይህን ወደ ፋንታሲ አምጡት፦ ቁጥሩ ብዙ፣ ወኔው ከፍ ያለ፣ ግን ዙሩ በገፋ ቁጥር ከዳር ዳር የሚሳሳ ሠራዊት። ባላጋራው ጊዜ መግዛት ይችላል፣ እናንተ መጣደፍ አለባችሁ። ይኸው ሠራዊት ሆነ።

ሙከራውን በተመለከተ ከጓደኛችሁ ጋር ብቻ አትጫወቱ። ጓደኛ ሐሳባችሁን ያውቃል፣ እንደታሰበው ያሰልፍላችኋል። ደንቡን አንብቦ የሚያጣምም፣ ለማሸነፍ የሚሞት ተጫዋች ፈልጉ፤ ወረቀቱን ስጡትና አፋችሁን ዝጉ። ሲያነብ የቆመበትን መስመር፣ የጠየቀውን ጥያቄ፣ ያላሰለፈውን ጭፍራ መዝግቡ። ከሁሉ በላይ ያላሰለፈውን! አንድ ሙከራ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ፤ ሦስት ነገር ለውጦ የቱ እንደሠራ ማወቅ አይቻልም። ሠራዊቶቹንም አለዋውጡ፣ ማለትም በራሳችሁ ሠራዊት ላይ ራሳችሁ ተሰለፉበት። ከማዶ ሆኖ አርባ ደቂቃ መቀመጥ ስንት ነገር እንደሚያሳይ አይጣል ነው።

የስም ነገርም አለ። ኦርክና ኤልፍ የሁሉም ናቸው። በ2015 የዋርሃመር አሮጌው ዓለም ተደምስሶ ኤጅ ኦቭ ሲግማር የተባለው አዲስ ጨዋታ ሲተካው ኦርኮቹ ኦሩክ፣ ኤልፎቹ በተለወጠ አጻጻፍ Aelf፣ ድዋርፎቹ ዱዋርዲን ተብለው ብቅ ያሉት፣ ብዙዎች እንደሚሉት፣ ስሙ የባለቤት እንዲሆን ነው። እናንተ የሌላውን ድርጅት የፈጠራ ስም አትንኩ፤ የራሳችሁን አውጡ።

ያኔ የምስሎቹ ካሬ መቆሚያ ክብ ሆነ፣ ረድፍ ቀረ፣ የስንቱ ዓመታት ሠራዊት መደርደሪያ ላይ ቀረ። በጎ ፈቃደኞች ግን ናይንዝ ኤጅ የሚል ደንብ በራሳቸው ጽፈው መጫወቱን ቀጠሉ፤ የዋርሃመር ባለቤት የሆነው ድርጅትም በጥር 2024 ኦልድ ወርልድ ብሎ ያንኑ ዓለም መለሰው። ድዋርፉም ሲመለስ ያው ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

በመጨረሻ ለአሳታሚ ወይም ለእንደኔ ያለ ሽማግሌ ስትልኩ፣ የሦስት ሺህ ዓመቱን ታሪክ ለጊዜው ቤት አቆዩት። ሦስት ጭፍራ ላኩ፦ አንድ ዋና፣ አንድ ልዩ፣ አንድ ብርቅ፤ እያንዳንዱ በአንድ ካርድ። ከላይ አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ሠራዊቱ ምን እንደማይችልና ባላጋራው ያንን እንዴት እንደሚጠቀምበት ይግለጽ። ከሥር የሙከራ ማስታወሻችሁን፣ የተሸነፋችሁበትንም ጭምር አያይዙ። እኔ በበኩሌ መጀመሪያ የማነበው ማስታወሻውን ነው።