ጥያቄና መልስ፦ ልጆች ተጠየቁ፣ መልሱስ መቼ ይደርሳቸዋል?

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱ አንድ ጉዳይ ላይ ገጥመዋል። ልጆችና ወጣቶች በሚመለከታቸው ነገር ሐሳባቸውን የመስጠት መብታቸው በተግባር እንዴት ይከበር የሚል ነው። ለመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በወረዳችን ልጆችን ስለ ተሳትፎ መብታቸው ለሁለት ቀን ልናማክር ነው። 40 ልጆች እንጋብዛለን። አዳራሽ ተይዟል፤ ቀኑ ሰኔ 9 እንዲሆን ታስቧል። አካሄዱን ብትነግሩን። *(የወረዳ ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ)*

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ቀኑን ይቀይሩ። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ሰልፍ ወጥተው የተገደሉ ተማሪዎች የሚታሰቡበት ስለሆነ መከበሩ ደግ ነው። ለምክክር ግን አይሆንም። አዲሱ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፤ የቀረው 22 ቀን ነው። ዕቅዱ አልቆ ለማጽደቅ በሚሮጥበት ሰሞን ልጆቹ የተናገሩት የትኛው መስመር ላይ ይገባል? ተማሪውም ፈተና ላይ ነው። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ ያድርጉት፤ ሰኔ 9ን ደግሞ ካሉት ውስጥ ዕቅዱ ላይ የገባውን ለልጆቹ የምትነግሩበት ቀን አድርጉት።

ቁጥሩን ከ40 ወደ 42 ከፍ ያድርጉ። ከ8 እስከ 11፣ ከ12 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ሴትና ወንድ ለይተው ሲያስቀምጡ ስድስት ቡድን ይወጣል፤ በየቡድኑ ሰባት ልጅ። ከስምንት በላይ ከሆኑ ሁለቱ ያወራሉ፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አወያይና አንድ ማስታወሻ ያዥ ያስፈልጋል፤ ለሴቶቹ ሁለቱም ሴት ይሁኑ። ሦስት ቡድን ጠዋት፣ ሦስት ከሰዓት ካደረጉ ስድስት ሰው ይበቃል። ሰባተኛዋ ምንም ሥራ የሌላት ትሁን፤ የሚያለቅስ፣ የሚከፋው፣ መውጣት የሚፈልግ ልጅ ሲኖር ይዛው የምትቀመጠው እሷ ናት። ትንንሾቹን ከ45 ደቂቃ በላይ አያስቀምጧቸው፤ ከእረፍት በኋላ ግማሽ ሰዓት መጨመር ይቻላል። ትልልቆቹ አንድ ሰዓት ተኩል ይችላሉ።

አዳራሹን ለማጠቃለያው ይተዉት። መድረክና ማይክ ያለበት ቦታ ልጅን ወደ ንግግር ይገፋዋል። ለቡድኖቹ የመማሪያ ክፍል ወይም የዛፍ ጥላ ይሻላል፤ አወያዩም ልጆቹ ከተቀመጡበት ከፍታ በላይ አይቀመጥ። ልጆቹ መሬት ላይ ሆነው እሱ ወንበር ላይ ከሆነ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ምርጫውን ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ከተዉት የሚመጡት ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ናቸው፤ ዩኒፎርማቸው ታጥቦ ተተኩሶ። ከ42ቱ ቢያንስ 14ቱ ትምህርት ቤት የማይሄዱ ይሁኑ፦ ሊስትሮ፣ እረኛ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ። ከአንድ ዓይነት አንድ ብቻ አያምጡ። መስማት የተሳናት ልጅ ብቻዋን ከመጣች እንግዳ ትሆናለች፤ ሁለት ከሆኑ ይነጋገራሉ፤ አስተርጓሚም ያስፈልጋቸዋል። ተቀጣሪዋን ለማግኘት አሠሪዋን ማነጋገር ግድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ይቀላል። ሠርቶ የሚያድረውን ልጅ ገበያው በሚደራበት ሰዓት አይጥሩት። የትራንስፖርት ወጪና ምሳ ይሸፈን፣ አብሮ ለሚመጣው አዋቂም ጭምር። አበል ግን አይክፈሉ፤ ስም ዝርዝሩ ከአበሉ ቀድሞ ወደ ሠራተኞች ልጆችና ዘመዶች ይዞራል።

የወላጅ ፊርማ አንድ ነገር ነው፣ የልጁ እሺታ ሌላ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለልጁ በቃል የሚነገረው፦ ለምን እንደተጠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ የተናገረውን ማን እንደሚያነበው፣ ስሙ እንደማይጻፍ፣ በፈለገ ጊዜ መውጣት እንደሚችል። አንድ ነገር ብቻ በምስጢር እንደማይያዝም ይነገረዋል፤ ጉዳት ላይ ያለ ልጅ ከተገኘ ለሚረዳ ሰው ይነገራል። እኛ አገር ልጅ ለትልቅ ሰው «አልመልስም» ለማለት አፉ አይደፍርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ይስጡት፤ መመለስ የማይፈልገው ጥያቄ ሲመጣ ቆርኪውን ፊቱ ያስቀምጣል፣ ይታለፋል። መጀመሪያ አወያዩ ራሱ አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያሳያቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቹ። «ተሳትፎ መብታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ብለው ከጠየቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ያገኙት ነገር የለም። «ችግራችሁ ምንድነው?» ካሉ ደግሞ ደብተርና እስክሪብቶ ይባላሉ፤ ልጆቹ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚታደል ያውቃሉ። ትልቅ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉና ይህን ይጠይቁ፦ ባለፈው ወር ስለ እናንተ ምን ተወሰነ? ማን ወሰነው? ከመወሰኑ በፊት ማን ጠየቃችሁ? ፈረቃ መቀየሩ፣ ወደ አክስት ቤት መላክ፣ የኳስ ሜዳው መታጠር ይወጣሉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሲታይ ልጆቹ ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

ከወጡት ጉዳዮች ቅድሚያውን ለመለየት ባቄላ ይበቃል። አምስት ጉዳይ፣ አምስት ጣሳ፣ በእያንዳንዱ ላይ ማንበብ ለማይችሉት ሥዕል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ባቄላ። ጣሳዎቹ ከመጋረጃ ወይም ከበር ጀርባ ይሁኑ፤ አንድ በአንድ እየገቡ ይጣሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያበላሻል። የክፍል አለቃው በሰው ፊት መጀመሪያ ከጣለ ሌላው ይከተለዋል። ጣሳው ባዶ ከሆነ ደግሞ ባቄላው ሲወድቅ ከውጭ ይሰማል፤ የትኛው ጣሳ እንደሆነ ልጆች በድምፁ ይለያሉ። በየጣሳው ውስጥ ታች ላይ እራፊ ጨርቅ ያንጥፉ። ቆጠራው እዚያው በፊታቸው ይሁን፤ የሴቶቹንና የወንዶቹን ውጤት አይደምሩ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ጉዳይ ከወንዶቹ አንድም ባቄላ ላያገኝ ይችላል፤ ከተደመረ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዕቅድ ውስጥም አይገባም።

ማስታወሻ ያዡ ልጁ ያለውን በልጁ ቃል ይጻፍ። አንዲት ልጅ «የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም፣ ጓደኛዬ ውጭ ቆማ ትይዝልኛለች» ብትል፣ ሪፖርቱ ላይ «የሥነ ንጽሕና መሠረተ ልማት እጥረት» ሆኖ ይወጣል። ያንን ያነበበ ኃላፊ አዲስ ሕንፃ ስለሚያስፈልገው በጀት ያስባል፤ ልጅቷ የጠየቀችው መቀርቀሪያ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ በ2001 ዓ.ም. ባወጣው ጠቅላላ አስተያየት ቁጥር 12 ለልጆች ተሳትፎ ዘጠኝ መመዘኛ አስቀምጧል፤ የመጨረሻው ተጠያቂነት ነው። የቤልፋስቷ ምሁር ላውራ ለንዲም እ.ኤ.አ. በ2007 ጉዳዩን በአራት ቃል አስቀምጠውታል፦ ቦታ፣ ድምፅ፣ አድማጭ፣ ተጽዕኖ። እኛ ዘንድ አዳራሹም ማይኩም አይጠፋም። የሚጠፉት ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው። ስለዚህ በሁለተኛው ቀን ማጠቃለያ ላይ በጀት የሚወስን ሰው ይቀመጥ፤ ከፍቶ ንግግር አድርጎ የሚሄድ ሳይሆን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ። በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት ለልጆቹ ይመለስ፦ ምን አላችሁ፣ ምን ተወሰነ፣ ያልተወሰነው ለምን። «አልተቻለም፣ ምክንያቱም» የሚለውን ልጅ ይቀበላል። ዝምታን ግን ያስታውሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲጠሩት አይመጣም። ሊስትሮውና ተቀጣሪዋ ወረቀቱን ትምህርት ቤት ስለማያገኙት ያሉበት ድረስ ይወሰድላቸው።

ጥያቄ፦ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ነው ያደግነው። አሁን ልጅ ይጠየቅ፣ ልጅ ይወስን ይባላል። ይህ ነገር የፈረንጅ አይደለም ወይ? *(አንድ አያት፣ ከደብረ ብርሃን)*

መልስ፦ አባታችን፣ ልጅ ያቡካ ያለ የለም፤ እንጀራውን እሱም ስለሚበላው ይጠየቅ ነው የተባለው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ለልጁ የሚሰጠው ሐሳቡን የመግለጽና ሐሳቡ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት የማግኘት መብት ነው። ውሳኔው ከአዋቂው እጅ አይወጣም። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ሲሆን የአፍሪካን የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር ደግሞ በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። ቻርተሩ አፍሪካውያን የጻፉት ነው፤ አንቀጽ 31ም ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ምንጊዜም እንዲያከብር ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ መከባበሩና መጠየቁ አንድ ሰነድ ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል።

ሕጉን ለሚፈትሹ አንድ ነገር እንጨምር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ይዘረዝራል፣ ሐሳባቸው ይሰማ የሚል ንዑስ አንቀጽ ግን የለውም። መንገዱ በአንቀጽ 9(4) በኩል ነው፦ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ የሕፃናት ፓርላማ አባል ናት። ለበዓል የምታነበው ንግግር ተጽፎ ተሰጣት፤ ሦስት ቀን ስትሸመድድ ሰነበተች። ይህ ተሳትፎ ነው? *(እናት፣ ከአዲስ አበባ)*

መልስ፦ አይደለም። የልጆች ተሳትፎ ምሁሩ ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ስምንት እርከን ያለው የተሳትፎ መሰላል ታችኞቹ ሦስት እርከኖች ማታለል፣ ማስዋብና ለይስሙላ ናቸው፤ ሦስቱም ተሳትፎ አይባሉም። የልጅዎ ንግግር ከነዚህ አንዱ ውስጥ ነው። ግን ልጅዎን ከመድረኩ አያስወርዱ፣ ደስታዋ የራሷ ነው። አስተባባሪውን ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከንግግሩ ቢያንስ ግማሹን እሷ ትጻፈው፤ ይዘቱን ከክፍሏ ልጆች ጠይቃ ታምጣ። የሚጠየቁት ሁለት ጥያቄ ይበቃሉ፦ ምን ይቀየር? ምንስ እንዳለ ይቆይ? ሁለተኛ፣ ካነበበች በኋላ የሚመልስላት ኃላፊ ማን እንደሆነ በስም ይነገራት። ሐሰተኛውን ንግግር በአማርኛው መለየት ይቻላል፤ የ11 ዓመት ልጅ «ባለድርሻ አካላት» አትልም።

ጥያቄ፦ ስም አይጻፍም ተብሎ በተጀመረ የክበብ ውይይት ላይ አንዲት ተማሪ መምህሯ እንደሚገርፋት ተናገረች። ርዕሰ መምህሩ ስሟን አምጡ ብሎኛል። ልስጥ? *(መምህር)*

መልስ፦ አይስጡ። ውይይቱ የተጀመረው ስም አይጻፍም ተብሎ ነው፤ ቃሉ ከፈረሰ ነገ የሚናገር ልጅ የለም፣ ልጅቷም በዚያው መምህር ክፍል ውስጥ ነች። ለርዕሰ መምህሩ የሚሰጡት ጉዳዩን ነው፦ በክፍሎች ድብደባ እንዳለ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን እንደሚከለክል፣ ለሁሉም መምህራን እንዲነገር። ለአንዱ መምህር ብቻ ከተነገረ ማን እንዳወራች በአንድ ቀን ይታወቃል። ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ፣ ሰው በሚያይበት ግን በማይሰማበት ቦታ ያነጋግሯት፤ ቀጥሎ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ ይጠይቋት።

የተነገረው ከባድ ጉዳት ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። ዝርዝር አይጠይቁ፤ «እሱ ነው እንዴ ያደረገው?» የሚል ጥያቄ በኋላ ማስረጃውን ያበላሻል። ያለችውን በራሷ ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጨምረው ይጻፉ። በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ የልጆች ጥበቃ ተጠሪ፣ ተጠሪ ከሌለ ለወረዳው ሴቶችና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያሳውቁ። መደፈር ከሆነ ጤና ተቋም መድረስ ያለባት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ከዚያ ካለፈ አይሰጥም፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ልብሷን አትጠብ፣ ገላዋንም ከምርመራው በፊት አትታጠብ። ተጠርጣሪው ቤተሰብ ከሆነ ወደ ቤት ሄደው አይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስዊድን ነው የምኖረው። ሶሻሎች (የማህበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች) የ12 ዓመት ልጄን እኔ ሳልኖር አነጋገሩት። ይህ መብት አላቸው? *(አባት)*

መልስ፦ አላቸው። በልጅ ጉዳይ ምርመራ ሲኖር ወላጅ ሳይፈቅድና ሳይገኝ ልጁን ማነጋገር ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽኑም ከጃንዋሪ 1፣ 2020 ጀምሮ የስዊድን ሕግ ነው። ለልጁ መሰማት መብቱ እንጂ ግዴታው አይደለም፤ መናገር ካልፈለገ ሊተው ይችላል። እርስዎ ደግሞ ስለ እርስዎ የተጻፈው እንዲነገርዎትና መልስዎ አብሮ እንዲያያዝ ይጠይቁ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ ልጁ ግን አያስተርጉም። ማታ ቤት ሲገባ «ምን አልካቸው?» ብለው አይያዙት። ሠራተኞቹ በሚቀጥለው ጊዜ «አባትህ ምን አልክ ብሎ ጠይቆህ ነበር?» ብለው ልጁን ሊጠይቁት ይችላሉ፣ መልሱም መዝገብ ላይ ይገባል።