«ፋይሌ የት ደረሰ?» የባልና ሚስት ቪዛ ጥያቄና መልስ

«ለባላችሁ ወይም ለሚስታችሁ አሜሪካ አመልክታችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ጉድ ጎረፈ። ሁሉንም አልቻልኩም፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አደረግኳቸው።

አስቀድሜ ልናገር። ጠበቃ አይደለሁም። መጋቢት 2014 ላይ ለባለቤቴ ፋይል ከፍቼ፣ ኢንተርቪው በ26ኛው ወር የደረሰልን ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቨርጂኒያ ብዙ ሰው ወረቀቱን ሲያሰናዳ አብሬ ተቀምጫለሁ። የወንጀል ጉዳይ ያለበት፣ ወይም በፊት ከአሜሪካ ተባርሮ የተመለሰ ሰው ካለ የእኔን መልስ ትቶ ጠበቃ ጋ ይሂድ። የምጠቅሳቸው ክፍያዎችና አሠራሮች የግንቦት 2017 ናቸው፣ ከዚያ ወዲህ ተቀይረው ሊሆን ይችላል።

«አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ፎርሙን) ካስገባሁ 11 ወር ሆነኝ። በየቀኑ ባየው "ደርሶናል" ከማለት ሌላ ነገር የለም። ተረስቶ ይሆን?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አልተረሳም ወንድሜ። ብዙ ጊዜ «ደርሶናል» ብሎ ወራት ይቀመጥና አንድ ቀን በድንገት «አፕሩቭ ሆኗል» (ጸድቋል) ይላል። መሃል ላይ ምንም ላታይ ትችላለህ። በየቀኑ ማየቱን ተው፣ ሰው ያሳብዳል። እኔ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ አይ ነበር።

ማመልከቻውን የሚያየው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ በድረ ገጹ ላይ ለየፎርሙ የሚፈጀውን ጊዜ ያወጣል። ያስገባህበትን ቀን ስትሞላ መጠየቅ የምትችልበትን ቀን ይነግርሃል። ያ ቀን ካለፈ እዚያው ጥያቄ ታስገባለህ። መልሱ ካላረካህ የምትኖርበት አካባቢ የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ አለ። የፈቃድ ፎርም ያስፈርሙህና ስለ ፋይልህ በአንተ ስም ይጠይቁልሃል። ገንዘብ አይከፈልበትም። ፋይሉን ከወረፋ አያስቀድሙትም፣ የተቀረቀረ ካለ ግን ያነቃንቁታል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቅ። «አፕሩቭ ሆነ» ማለት ቪዛ ወጣ ማለት አይደለም። የእኛ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እልልታውን ያቀልጠዋል፣ እናቷም ድግስ ያስባሉ። የተፈቀደው ግን ዝምድናው ብቻ ነው። ፋይሉ ከዚያ ኒው ሃምፕሸር፣ ፖርትስመዝ ወዳለው የቪዛ ማዕከል፣ ኤን ቪ ሲ፣ ይሄዳል። እዚያ 325 ዶላር ለቪዛው፣ 120 ዶላር ለስፖንሰር ወረቀቱ ይከፈላል፣ ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ፎርም ይሞላል፣ የልደት፣ የጋብቻና የፖሊስ ወረቀት ስካን ተደርጎ ይጫናል። «ሰነዶቻችሁ ተሟልተዋል» ሲሏችሁ ደግሞ የአዲስ አበባው ኤምባሲ ቀጠሮ ወረፋ ይጀመራል። ለእኛ የመጀመሪያው 14 ወር፣ ኤን ቪ ሲ 5፣ የቀጠሮው ወረፋ 7 ወር ፈጀ። የእናንተ ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል።

«እኔ ግሪን ካርድ ነው ያለኝ። ለሚስቴና ለ9 ዓመት ልጃችን አመልክቻለሁ። ሲቲዝን ብሆን ይፈጥናል ወይስ ሁሉ ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል?» (ከዳላስ)

እንደ አዲስ አይጀመርም። ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ስላለ ረጋ ብለህ አንብበው።

የግሪን ካርድ ባለቤት ሚስት ኤፍ2ኤ በሚባለው መደብ ውስጥ ናት። መደቡ በዓመት ኮታ አለው። ስለዚህ ፋይሉ አፕሩቭ ቢሆንም ተራ ይጠበቃል። ተራው በየወሩ በቪዛ ቡለቲን ይወጣል። በሜይ 2025 ቡለቲን ቪዛ ይሰጥ የነበረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 በፊት ላመለከቱት ነበር። የሲቲዝን ሚስት ግን ኮታ የለባትም፣ ፋይሏ እንዳለቀ ትቀጥላለች። ሲቲዝን የሆንክ ዕለት የዜግነት ወረቀትህን ኮፒ ፋይሉ ወዳለበት መላክ ነው፣ መደቡ ይቀየራል። አምስት ዓመትህ ከመሙላቱ 90 ቀን በፊት ለዜግነት ማመልከት ስለሚቻል ቀኑን ቁጠር።

ጉድጓዱ ይኸውልህ። በኤፍ2ኤ ጊዜ ልጁ በእናቱ ፋይል ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል። ሲቲዝን ስትሆን መንጠልጠል የለም። ለሚስት አንድ፣ ለየልጁ የየራሱ አይ-130 ያስፈልጋል። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ሚስቱ ቪዛ ይዛ ልጁ አያቱ ጋ ቀረ። ስለዚህ ለልጁ ዛሬውኑ ለብቻው አስገባለት። በኦንላይን 625፣ በወረቀት 675 ዶላር ነው። ልጁ የሚስቱ ብቻ ለሆነ ሌላ ጠያቂም መልሱ ይኸው ነው፤ የተጋባችሁት ልጁ 18 ሳይሞላው መሆን አለበት።

«የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ያለው ቀንና እኔ ፎርሙ ላይ የሞላሁት ቀን ተለያየ። ችግር አለው?» (ከሲያትል)

አለው፣ ግን ይስተካከላል። የእኛ አገር ሰው ፋይል የሚዘገይበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው። እኔም ደርሶብኛል።

ሠርጋችን ጥር 15 ቀን 2014፣ እሁድ ነበር። ወረቀቱን የተረጎመልን ቤት ዝም ብሎ «ጃንዋሪ 15፣ 2022» ብሎ ጻፈው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 23 ነው። እኔ ፎርሙ ላይ 23 ብዬ ሞልቻለሁ፣ ወረቀቱ 15 ይላል። ያየሁት አንድ ቀን ማታ ወረቀቶቹን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነው። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ከዚያ ስልኬ ላይ ካሌንደር ከፍቼ አየሁ፣ ጃንዋሪ 15 ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ማን አገባ? ባለቤቴ ሦስት ቀን ተመላልሳ አዲስ ትርጉም አስወጣች።

ስለዚህ የራሳችሁን ወረቀት በቀላሉ ፈትሹ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ወይም 20። ከዚያ እየቆጠራችሁ አረጋግጡ። የሳምንቱን ቀንም ተመልከቱ። የልደት ቀን ላይም እንዲሁ፣ በተለይ ዓመቱ ላይ፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። ፓስፖርቷ ላይ አንድ ዓይነት፣ የልደት ወረቀቷ ላይ ሌላ ዓይነት ስፔሊንግ ካለ ከአሁኑ ይታረም። የአያት ስም የተዘለለበትም አለ። ወሳኝ ኩነት ሄዶ ማስተካከል ጊዜ ይወስዳል፣ የምትጠብቁት ጊዜ ደግሞ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። የተጋባችሁት በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ከሆነም የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት ይዛችሁ አትቀመጡ፣ ጋብቻውን ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡት።

«እስኪያልቅ ድረስ በቱሪስት ቪዛ መጥቼ ባየውስ?» (ከአዲስ አበባ)

መሞከር አይከለከልም እህቴ። ግን የቱሪስት ቪዛ የሚሰጠው ተመልሶ ለሚሄድ ሰው ነው። ባልሽ እዚያ ሆኖ፣ ፋይል ተከፍቶልሽ፣ ቆንስሉን እመለሳለሁ ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። ፎርሙ ላይ «የኢሚግራንት ማመልከቻ ተከፍቶልሽ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ እንዳትዋሺ። መከልከሉ ቀላል ነው፣ ውሸቱ ግን ለዋናው ቪዛ ይተርፋል። ይልቅ እሱ ይምጣ። የአውሮፕላን ቲኬቱና አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ለኢንተርቪውም ማስረጃ ነው።

«ኡበር ነው የምሠራው። በእጄ ጥሩ ገንዘብ ይገባል፣ ታክሱ ላይ ግን ትንሽ ነው። ስፖንሰር መሆን እችላለሁ?» (ከአሌክሳንድሪያ)

ይህን ጥያቄ ብቻ አሥር ሰው ጠይቆኛል! እነሱ የሚያዩት እጅህ የገባውን አይደለም፣ ታክስህ ላይ ያለውን ነው። ማይሌጁን፣ ጋዙን፣ ስልኩን ቀንሰህ የተረፈው 14 ሺህ ዶላር ከሆነ ገቢህ 14 ሺህ ነው። በ2025 መለኪያ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለሦስት 33,312 ያስፈልግ ነበር። አንተና ሚስትህ ብቻ ከሆናችሁ ሁለት ናችሁ።

ካልደረሰ ተባባሪ ስፖንሰር መፈለግ ነው። ዘመድ መሆን የለበትም። ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ ገቢው የራሱን ቤተሰብና ሚስትህን ጨምሮ የሚበቃ ሰው ይበቃል።

ስትጠይቀው ግን «ፊርማ ብቻ ነው» አትበለው። ፊርማ ብቻ አይደለም። ግዴታው ሚስትህ ሲቲዝን እስክትሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት፣ ማለት ወደ አሥር ዓመት ያህል፣ ሥራ እስኪቆጠርላት ይቆያል። ብትፋቱ እንኳ አይቀርም። ይህን ሳይነግሩት ያስፈረሙት ሰው በኋላ ሲያውቅ ተቀይሞ ዕድር ላይ እንኳ ሰላምታ ነስቷል።

«ዓረብ አገር 4 ዓመት ሠርቻለሁ። የሄድኩት ግን ዕድሜዬና ስሜ በተቀየረ ፓስፖርት ነው። ባልናገረውስ?» (ስሟ ይቅር)

ተናገሪው። ይህ የብዙ እህቶቻችን ታሪክ ነው፣ ደላላ ነው ያደረገው። አሻራ ግን ስም አይቀይርም። ፎርሙ ላይ «የተጠቀምሽበት ሌላ ስም» የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ጻፊው። ከ16 ዓመትሽ በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ለኖርሽበት አገር የፖሊስ ወረቀት ይጠየቃል። እንዴት እንደሚወጣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ በየአገሩ ገጽ ላይ ጽፎታል። የአንቺ ጉዳይ ስም ስላለበት፣ ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ምክር እንኳ ቢሆን ባልሽ ጠበቃ ያናግር። እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ።

«ለእረፍት ሄጄ ሚስቴ አረገዘች። ለሚወለደው ልጅም አይ-130 ላስገባ?» (ከአትላንታ)

እንኳን ደስ ያለህ! ሲቲዝን ነኝ ብለሃል። ልጁ ከመወለዱ በፊት አንተ በጠቅላላው 5 ዓመት አሜሪካ ውስጥ በአካል ከኖርክ፣ ከዚያም 2ቱ ከ14 ዓመትህ በኋላ ከሆነ፣ ልጁ ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ነው። በግሪን ካርድ የኖርክበት ጊዜም ይቆጠራል። ኤምባሲው ውስጥ ልደቱን ታስመዘግባለህ፣ ፓስፖርት ያወጣል። እናቱ ወረፋ ላይ እያለች ልጁ ሰማያዊ ፓስፖርት ይዞ ይጠብቃታል ማለት ነው።

«ኢንተርቪው ላይ ምን ይጠይቃሉ?» (ብዙ ሰው)

ባለቤቴ የነገረችኝን ልንገራችሁ። በጠዋት ገባች፣ ስትጠብቅ ቆየች፣ መስኮቱ ላይ የቆመችው 10 ደቂቃ አይሞላም። በአማርኛ ነው የተናገረችው። የት ተዋወቃችሁ? ሠርጉ ላይ ማን ነበር? እሱ ምን ይሠራል? ስንት ሰዓት ይገባል? ከዚያ አንድ ያልጠበቀችው መጣ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ የተጣላችሁት በምን ነው?» ሳቀች። «ስልክ ሳያነሳ ቀርቶ» አለች። እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አሁንም አላመነችኝም።

መልስ አታስጠኗት። ያጠናች ሰው ታስታውቃለች። ይልቅ ማስረጃውን ሰብስቡ፤ የላክኸው ገንዘብ ደረሰኝ፣ የስልክና የመልእክት ታሪክ፣ ከቤተሰብ ጋር ያላችሁ ፎቶ። ከኢንተርቪው በኋላ ተጨማሪ ወረቀት ከተጠየቀች አትደንግጡ፣ የተባለውን ብቻ በፍጥነት መላክ ነው። የጤና ምርመራው ኤምባሲው በመደበው ሐኪም ነው የሚደረገው፣ ከቀጠሮው በፊት።

«አንድ ሰው በ20 ሺህ ዶላር በወረቀት ላግባሽ ይለኛል።» (ከአዳማ)

ተይው። እሱን 5 ዓመት ያስራል፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ያስቀጣል። አንቺን ደግሞ በኋላ እውነተኛ ባል ብታገቢ እንኳ በእሱ ማመልከቻ ቪዛ እንዳታገኚ ዕድሜ ልክ ይዘጋብሻል።

«የተጋባን 2 ዓመት ሳይሞላን ከገባችስ?» (ከዴንቨር)

የ2 ዓመት ግሪን ካርድ ይሰጣታል። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው አይ-751 የሚባለውን፣ የ2 ዓመቱን ገደብ የሚያስነሳ ፎርም አብራችሁ ታስገባላችሁ። የእኔ ባለቤት የገባችው ከሠርጉ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር በኋላ ስለሆነ በቀጥታ የ10 ዓመቱን አገኘች። መዘግየቱ የጠቀመን እዚህ ላይ ብቻ ነው።

«ሦስት ዓመት ሆነን። ሰፈሩ "ባልሽ እዚያ ሌላ አግብቷል" ይለኛል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?» (ከጎንደር)

እህቴ፣ ጥሩ መልስ የለኝም። እኛ ያደረግነውን ብቻ ልንገርሽ። እሷ የጠዋት ቡና ስታፈላ እዚህ ሌሊት ነው፣ እኔ ከሥራ የምወጣበት። ስልኩን ስኒው አጠገብ አስደግፋ ታስቀምጠው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አናወራም። እሷ ትቆላለች፣ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አያለሁ። ደግሞ የፋይሉን የይለፍ ቃል ሰጠኋት፣ ራሷ ገብታ ታያለች። ለሰፈሩ ወሬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም። ባልሽም ይስጥሽ።

«ቪዛው ወጣ! ምን ይዛ ትምጣ?» (ከሚኒያፖሊስ)

እሰይ! ቪዛው ላይ የተጻፈውን ማብቂያ ቀን እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጤና ምርመራው ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ከመነሳቷ በፊት 235 ዶላር የግሪን ካርዱን ክፍያ በኦንላይን ክፈልላት። የታሸገ ፖስታ ከሰጧት እንዳትከፍተው። ራጁ ከተሰጣትም ሁለቱን በእጅ ሻንጣዋ ትያዝ፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይግባ። በርበሬና ሽሮውን የጉምሩክ ሰው ሲጠይቃት «ምግብ ይዣለሁ» ትበል፣ ካልደበቀችው ብዙ ጊዜ ያሳልፏታል። የእኔዋ ስድስት ኪሎ በርበሬ ይዛ ዳለስ ኤርፖርት ገባች። ሻንጣውን ከፍቶ ያየው ሰው ሦስቴ አስነጠሰውና «ዌልካም» ብሎ ዘጋው።