«ስለምወድሽ ነው» የሚባልበት ጥበቃ

ጥያቄ፦ የሠርጋችንን ቀን ልንቆርጥ ተቃርበናል። እጮኛዬ ደግ ነው፤ ከባድ ነገር አያሸክመኝም፣ ክፉ ቃልም አይናገረኝም። ነገር ግን የተሻለ ሥራ ባገኘሁ ጊዜ እኔን ሳይጠይቅ ለቀጣሪው «ሥራው ያደክማታል፤ አትመጣም» ብሎ መለሰልኝ። ቅር ሲለኝም «ስለምወድሽ ነው፤ መጽሐፍም ሴት ደካማ ፍጥረት ናት ይላል» አለኝ። ቅር መሰኘቴ ውለታ ቢስነት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይደለም። ሸክምሽን መያዙ መልካም ነው፤ ስለዚህም አመስግኚው። ስለ አንቺ መመለሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

የጠቀሰው ቃል በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ይገኛል፤ ጥቅሱን ግን ከመካከሉ ቆርጦታል። ሐዋርያው ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር «በማስተዋል» እንዲኖሩ፣ የሕይወትንም ጸጋ አብረው እንደሚወርሱ አድርገው እንዲያከብሯቸው ያዛል፤ ይህ ካልሆነ ጸሎታቸው እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል። አብራ የምትወርስ ሰው ሳትጠየቅ በርስቱ ላይ ሌላው ብቻውን አይወስንም። ከፍ ብሎ ሣራ ለአብርሃም መታዘዟ ተጽፏል፤ ይህን የሚጠቅስ ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር አብርሃምን ሣራ የምትነግረውን ሁሉ እንዲሰማ ማዘዙን (ዘፍ. 21፥12) ግን እኛ መምህራን እንኳ አዘውትረን አናነሣውም። «ረዳት» መባሏም ዝቅታ አይደለም፤ መዝሙረኛው እግዚአብሔርን ራሱን ረዳታችን ይለዋልና።

ነገሩን ዓለማዊው ጥናትም ደርሶበታል። ፒተር ግሊክና ሱዛን ፊስክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሴትን በግልጽ ከሚንቀው አመለካከት ሌላ፣ እያሞገሰና እየተንከባከበ ዝቅ የሚያደርጋት አመለካከት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳዩ፤ በ2000 ከሌሎች ጋር በ19 አገሮች ባወጡት ጥናትም ንቀቱ በበረታበት አገር ይህኛውም በርትቶ ተገኝቷል።

ባል ሚስቱን እንዲወድ የታዘዘው ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ ነው (ኤፌ. 5፥25)። በዚህ ፍቅር መሥዋዕት የሚሆነው የባል የራሱ ፈቃድ ነው፤ እጮኛሽ ግን የሠዋው የአንቺን ነው። ይህን ያደረገው በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ወንዶች እንዲህ ያለውን ነገር ፍቅር ብለው ተምረው አድገዋል።

ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጉዳዩን በነፍስ አባታችሁ ፊት አንሺው። ወደ ቀጣሪው ራሱ ተመልሶ «መልሱን የምትሰጠው እርሷ ናት» ብሎ እንዲያርም ጠይቂው። ይህ ከከበደው የሠርጉ ቀን ይቆይ።