የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የዕረፍት ጉዞና እርስ በርሱ የሚጋጭ የተጓዦች ምክር

የዕረፍቱ ወቅት ሲቃረብ ጉዞ ወዳዶች ዕቅዳቸውን እርስ በርስ መለዋወጥ ይጀምራሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚነሡና ምን እንደሚይዙ ይመካከራሉ። ለዚህ ዓምድ የሚላኩ ጥያቄዎችም በአብዛኛው ከእነዚህ ምክክሮች የሚነሡ ናቸው። በዚህ እትም መልስ የሰጠንባቸው ሁሉ አንድ የጋራ መነሻ አላቸው፤ ጠያቂዎቹ ልምድ ካላቸው ሰዎች ምክር ተቀብለዋል፣ ምክሩ ግን ወይ እርስ በርሱ ተጋጭቶባቸዋል ወይም ለእነርሱ የሚሠራ መሆኑን ተጠራጥረዋል።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ወር ህንድን ለመጎብኘት አስቤ፣ አገሩን ከሚያውቁ ሁለት ወዳጆቼ ጋር ተማከርሁ። አንደኛው ዝናቡ ከሆቴል እንደማያስወጣኝ ሲያስጠነቅቀኝ፣ ሌላኛው ከነሐሴ የተሻለ ወር የለም አለኝ። ሁለቱም ደርሰው ያዩ ሰዎች ናቸው። የማንኛቸውን ልቀበል?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው የሞንሱን ነፋስ በግንቦት መጨረሻ ገደማ በደቡብ ጫፍ ባለችው በኬረላ በኩል ገብቶ ወደ ሰሜን እየዘለቀ፣ እስከ መስከረም ድረስ አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል ያዘንባል፤ ስለዚህ ሙምባይን በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያየ ሰው ከጉዞው የሚያስታውሰው ዳመናና ጎርፍ ቢሆን አያስገርምም። በሰሜን ጫፍ ያለችው ላዳክ ግን የሂማላያ ተራሮች ዝናቡን ስለሚጋርዱባት በእነዚሁ ወራት ደረቅ ናት፤ በብርዱ ወራት በበረዶ የሚዘጉት ከፍተኛ የተራራ መንገዶቿም የሚከፈቱት በዚሁ ጊዜ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ የምትገኘው ቼናይ ደግሞ ዋናውን ዝናብ የምታገኘው ሌሎቹ አካባቢዎች ካባሩ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ይህን ያህል ሰፊ አገር በአንድ ወር ስም መመዘን ስለማይቻል፣ ወዳጆችዎን መልሰው ይጠይቋቸው፤ አንደኛው የትኛውን ከተማ በየትኛው ወር አየ? ሌላኛውስ?

ላዳክን ከመረጡ ደግሞ ብዙዎች የማይነግሩዎት ሌላ ጉዳይ አለ። ዋና ከተማዋ ሌህ ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ስለሚችል፣ ከዝቅተኛ ቦታ በአውሮፕላን በቀጥታ የሚደርስ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዕረፍት አድርጎ ቢይዛቸው ይበጀዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጡ በኋላም የሚያድሩበትን ቦታ ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተለመደው ምክር ነው። በየብስ ቀስ ብሎ የወጣ ሰው «እኔ ምንም አልሆንሁም» ቢልዎ፣ ምክሩ በአውሮፕላን ለሚደርስ ሰው አይሠራም።

ይህ የወርና የቦታ ጉዳይ የህንድ ብቻ አይደለም። በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 ገደማ ቢውልም፣ ምድርና ባሕር ቀስ ብለው ስለሚሞቁ የሙቀቱ ጫፍ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያው ጊዜ በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ብርድ ነው፤ ኬፕ ታውን ዝናቧን የምታገኘውና የደቡብ ምሥራቅ አውስትራልያ ተራሮች በረዶ የሚለብሱት ያን ጊዜ ነው። ወደ ካሪቢያን የሚያቀኑ ደግሞ የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር እንደሚዘልቅ፣ የሚበረታውም ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ እንደሆነ አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

ጥያቄ፦ አቴንስን የጎበኘ የሥራ ባልደረባዬ አክሮፖሊስ ለመግባት ምንም ዝግጅት እንደማያስፈልግ፣ በፈለግሁት ሰዓት ሄጄ በሩ ላይ ትኬት መግዛት እንደምችል ነግሮኛል። ሌሎች ደግሞ አስቀድሜ ካልያዝሁ እንደማልገባ ያስፈራሩኛል።

መልስ፦ ባልደረባዎ የሄደበትን ዓመት ይጠይቁት። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ አክሮፖሊስ በቀን የሚያስገባው የጎብኚ ቁጥር 20,000 እንዲሆን ተወስኖ መግቢያው በሰዓት ተከፋፍሏል። ሙቀቱ በሚበረታባቸው የበጋ ቀናትም ከቀትር ጀምሮ ለተወሰኑ ሰዓታት ሲዘጋ ታይቷል፤ ስለዚህ የማለዳውን ወይም የማምሻውን ሰዓት መያዝ ይሻላል። በስፔን ግራናዳ ያለው ጥንታዊው ምሽግ አልሃምብራም የናስሪድ ቤተ መንግሥቶቹን የሚያስጎበኘው በትኬቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው። ቬኒስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ በተመረጡ ቀናት ሳያድሩ ለሚመለሱ ጎብኚዎች ምዝገባና የመግቢያ ክፍያ ጀምራለች። የጎብኚ ብዛት ያስጨነቃቸው ሥፍራዎች ደንባቸውን በየዓመቱ ስለሚለውጡ፣ ስለ መግቢያ የሚነገር ምክር ከሁለት ዓመት በላይ ካስቆጠረ እንደ ትዝታ ሰምተው፣ የዛሬውን ደንብ ከሥፍራው አስተዳደር ቢያረጋግጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፓስፖርቴ ሊያበቃ የቀረው አምስት ወር ነው። አንድ ዘወትር የሚጓዝ ዘመዴ እርሱ በአራት ወር ገብቶ እንደተመለሰና እንዳልጨነቅ መክሮኛል። ልመነው?

መልስ፦ ዘመድዎ የየትኛውን አገር ፓስፖርት ይዞ፣ ወደየት አገርና በየት በኩል አቋርጦ እንደሄደ ካልተናገረ ገጠመኙ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል እንዲሆን ይጠይቃሉ። በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም የሸንገን አገሮች፣ ከውጭ የሚመጣ ተጓዥ ከአካባቢው ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠም 10 ዓመት ያላለፈው ፓስፖርት እንዲይዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የእርስዎ አምስት ወር ለአንዱ መዳረሻ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም።

ችግሩ የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ገና ሳይሳፈሩ ነው። ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ መልሶ የመውሰድ ኃላፊነት ስለሚኖርበት፣ የመሳፈሪያ ሠራተኞች ቲማቲክ በተባለው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የመረጃ ቋት እያመሳከሩ ይፈትሻሉ፤ «ዘመዴ ገብቷል» ማለት እዚያ ቦታ አያዋጣም። አውሮፕላን በሚቀይሩበት አገርም ቪዛ ሊያስፈልግዎ ስለሚችል የመተላለፊያውን ደንብ ለብቻው ያጣሩ። የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ቢዘገይ ደግሞ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ለሐምሌና ለነሐሴ ግን የቀጠሮው ወረፋ ስለሚረዝም የመጨረሻውን ቀን መጠበቅ አይመከርም። ወደሚሄዱበት አገር ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ከተጠየቁም ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ መሆኑን ያስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠ ምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ጥያቄ፦ ረጅም በረራ ካደረጉ ሰዎች አንዱ በማግሥቱ ደህና እንደነበረ፣ ሌላው አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ እንዳጣ ይናገራል። ይህ የሰው ጥንካሬ ጉዳይ ነው?

መልስ፦ ዕድሜና ጤና የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወደየት አቅጣጫ እንደበረሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአብዛኛው ሰው ውስጣዊ ሰዓት ከ24 ሰዓት በጥቂቱ ስለሚረዝም፣ ቀኑን የሚያስረዝመውን ወደ ምዕራብ የሚደረግ ጉዞ ሰውነት በቀላሉ ይለምደዋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ግን ሰውነት ሳይደክመው ተኛ ይባላል። ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሰዓታት ከተሻገሩ ጠዋት ጠዋት በፀሐይ ብርሃን ይንቀሳቀሱ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ የማምሻው ብርሃን ይረዳል። የሰዓት ልዩነቱ ከስምንት ሲያልፍ ነገሩ ይወሳሰባልና፣ ወደ ምሥራቅ በሄዱበት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎሕ ሲቀድ ያለውን ብርሃን ሸሽተው ረፈድ ሲል ቢወጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ፓወር ባንክ በየትኛው ሻንጣ ይያዛል? መድኃኒትስ?

መልስ፦ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል፤ በጭነት ክፍል ውስጥ ባትሪው እሳት ቢፈጥር ደርሶ ማጥፋት ስለሚያስቸግር ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአጠቃላይ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ዋት ሰዓቱ ካልተጻፈ ሚሊ አምፒር ሰዓቱን ለ1,000 አካፍለው በባትሪው ቮልት ማባዛት ነው፤ 20,000 የተጻፈበት ባለ 3.7 ቮልት ባትሪ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ አንዳንድ አየር መንገዶች በበረራ ላይ መጠቀሙን ስለከለከሉ የራስዎን አየር መንገድ ደንብ ያንብቡ። መድኃኒትም ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን። አንድ አገር በነፃ የሚሸጠውን ሌላው ሊከለክል ይችላል፤ ለምሳሌ ጃፓን ከ10 በመቶ በላይ ፕሱዶኤፌድሪን የያዘ የጉንፋን መድኃኒት ማስገባትን ትከለክላለች።

ጥያቄ፦ ጥቂት ጉዞ ወዳዶች ሆነን በየዓመቱ ዕቅዳችንን እንለዋወጣለን። ይሁንና የምናገኘው ምክር «ቆንጆ አገር ነው፣ ሂዱ» ከማለት አያልፍም። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የላላ ጥያቄ የላላ መልስ ያመጣል። ዕቅዳችሁን ስታቀርቡ የማይለወጠውን ከሚለወጠው ለይታችሁ ጻፉ፤ የመነሻና የመመለሻ ቀን፣ አስቀድሞ የተከፈለበትና ገንዘቡ የማይመለስ ነገር፣ አብረው የሚጓዙ ልጆችና አረጋውያን ዕድሜ፣ በቀን ምን ያህል መራመድ እንደምትችሉ ይታወቅ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «ሁለት ሰዓት ተኩል የበረራ መቀያየሪያ ይበቃናል?» የሚለው ጥያቄ «መንገዱ እንዴት ነው?» ከሚለው እጅግ የተሻለ መልስ ያስገኛል፤ መላሹም ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት የተያዙ መሆናቸውን ለመጠየቅ ይገደዳል። በተለያየ ትኬት የተገዙ ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ተጠያቂ አይሆንም።

እኛ ከምናያቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት በከተሞች ብዛት ነው። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ በተዛወራችሁ ቁጥር ሻንጣ ማሰር፣ ጣቢያ መድረስና አዲስ ማደሪያ መፈለግ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በመሆኑም ባልንጀራችሁ ዐሥር ቀን በስድስት ከተማ ብሎ ቢያሳያችሁ ሁለቱን እንዲሰርዝ ንገሩት፣ ቅር ቢለውም። በዚሁ አጋጣሚ፣ የመሳፈሪያ ወረቀት ፎቶ ለብዙ ሰው ማሳየት መልካም ልማድ አይደለም፤ በላዩ ያለው የትኬት መለያና የአባት ስም በረራውን ለመቀየር ሊያስችል ይችላል። ዝርዝሩን ለማይጓዝ አንድ የቅርብ ሰው ብቻ ትታችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬ ሳይደርስ ቢቀር ወይም ተሰብሮ ቢመጣ፣ ከቤቴ ሆኜ ማመልከት እንደምችል ተነግሮኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ለዓለም አቀፍ በረራ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በጽሑፍ የሚቀርብ ቅሬታን ይቀበላል፤ የጊዜ ገደቡ ግን አጭር ነው። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 7 ቀን፣ ዘግይቶ ለደረሰ ደግሞ እጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አለዎት። ያም ሆኖ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ለሻንጣ ክፍሉ አስመዝግበው የሪፖርቱን ቅጂ ቢይዙ፣ ጉዳቱ የደረሰው በበረራው ወቅት ስለመሆኑ በኋላ ክርክር አይነሣም። ሻንጣውን ከማስረከብዎ በፊት ከውጭና ከውስጥ ፎቶ ያንሡት፤ የሻንጣውን ቁራጭ ደረሰኝም ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ አይጣሉ።