ወደ ኋላ ስገባ እጄ ይንቀጠቀጣል

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። አራት ዓመት በረዳትነት ሠርቻለሁ። መንጃ ፍቃድ ካወጣሁ በኋላ አንድ ባለንብረት አምኖ ኤፍ ኤስ አር አይሱዙ የጭነት መኪና ሰጠኝ። ከያዝኳት ሦስት ወሬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶዬን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ሽንኩርት ወይ ማሾ ጭኜ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ከምንጃር ጤፍ ወደ አዲስ አበባ እወስዳለሁ።

ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ ጠባብ ቦታ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ መጋዘን ለማራገፍ ሄድኩ። በሩም ጠባብ፣ መንገዱም ጠባብ። ባጃጆች ከፊትም ከኋላም ክላክስ ያደርጋሉ። ረዳቴ ከኋላ ሆኖ «ና! ና! ና!» ይላል። ወዛደሮቹ ሁሉ ሹፌር ሆኑ። አንዱ «ግራ ስበር» ይላል፣ ሌላው «መልስ፣ መልስ!» ይላል። ማንን እንደምሰማ ጠፋኝ። ቶሎ ልገላገል ብዬ ለቀቅኳት። በቀኝ በኩል የበሩን ቋሚ ገጨሁት። የኋላ መብራት ተሰበረ፣ የካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ጠርዝ ተጣመመ። አንዱ ወዛደር «ረዳትነቱ ይሻልህ ነበር» አለኝ። ያቺ ንግግር እስካሁን ትከነክነኛለች። ባለንብረቱም የጥገናውን ከደመወዜ ቆረጠ።

ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ጣርማበር ተራራ ላይም ኩርባው ውስጥ ባለ ተሳቢ ሲመጣብኝ የምይዝ የምጨብጠው ይጠፋኛል። ይባስ ብሎ አንድ ዘመዴ ባለ ተሳቢ እንድይዝለት እየጠየቀኝ ነው። ደመወዙ ከአሁኑ በጣም ይሻላል።

ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይለመዳል? ወይስ እኔ ለሹፌርነት አልተፈጠርኩም?

ጀማሪው ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ሐረግ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ «ቶሎ ልገላገል ብዬ» ያልካት። ቋሚውን የገጨችው እሷ ናት።

ቀኝ ጎንህ አልታየህም። የምትሰማው ሰው ጠፍቶሃል። ያኔ የእጅ ፍሬን ስበህ መውረድ ነበረብህ። ያልወረድከው ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው። ይሉኝታ መሪ ሲይዝ እንዲህ ነው። እኔ በደሴ መስመር ለብዙ ዓመታት ነድቻለሁ። የማከብራቸው ነባር ሹፌሮች ሁሉ ጠባብ ቦታ ሲደርሱ ይወርዳሉ። ዞረው ያያሉ፣ ይመለሳሉ፣ መሀል ላይ ደግመው ይወርዳሉ። ማንም ጀማሪ አይላቸውም። ክላክስ የሚያደርገው ባጃጅ ሁለት ደቂቃ ቢቆም ምንም አይሆንም። መብራቱን የምትከፍለው ግን አንተ ነህ።

ስትወርድ የበሩን ስፋት ብቻ አትይ። ወደ ላይ እይ፤ የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦ፣ ወጣ ያለ የጣሪያ ቆርቆሮ ይኖራል። ወደ ታች እይ፤ ቦይ፣ የተከፈተ ጉድጓድ ይኖራል። ክረምት ላይ ደግሞ የእኛ አገር ጥቁር አፈር ላዩ ደርቆ ሥሩ ጭቃ ነው። የጫነ መኪና ጎማ ይውጣል። ከሁሉም በላይ ሕፃናትን እይ። ከካሶኒ ኋላ የቆመ ልጅ በየትኛውም ስፖኪዮ አይታይም።

አቀራረብህንም ቀይር። የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ ነው። ወደ ግራ እየታጠፍክ ወደ ኋላ ስትገባ በመስኮትህ አንገትህን አውጥተህ የኋላ ጎማህን በዓይንህ ታያለህ። ወደ ቀኝ እየታጠፍክ ስትገባ ያለህ ስፖኪዮና ረዳት ብቻ ነው። ስለዚህ ከቻልክ በሩ በግራህ እንዲሆን አድርገህ ቅረብ። አልፈህ ሄደህ፣ ዞረህ፣ ከሌላው አቅጣጫ ና። ትንሽ ናፍጣ ይበላል እንጂ የሰው በር አያፈርስም።

አሁን የመኪናዋን ጠባይ ልንገርህ። ኤፍ ኤስ አር ላይ የተቀመጥከው የፊት ጎማው ላይ ነው። በቤት መኪና የፊት ጎማ ከፊትህ ነው፤ እዚህ ግን አንተ ማዕዘኑን ስታልፍ ጎማው ገና እየደረሰ ነው። የኋላው ጎማ ደግሞ ብዙ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቷል። ስትታጠፍ የኋላው የፊቱን ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ወደ ፊት ስትታጠፍ አትቸኩል። አፍንጫዋን አሳልፈህ ውሰድና ዘግይተህ ስበር። መሪውን ብቻ ሳይሆን በታጠፍክበት ጎን ያለውን የኋላ ጎማ በስፖኪዮ ተከታተል።

ወደ ኋላ ስትሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ጀማሪ ሁሉ ኋላውን ብቻ ያያል። መሪ ሰብረህ ወደ ኋላ ስትገባ ግን አፍንጫዋ ወደ ተቃራኒው ጎን ይወረወራል። የቆመ ባጃጅ የሚገጨው በዚህ ነው። እንዲሁም ከግድግዳ ጥግ ስትወጣ ወዲያው ሙሉ አትስበር። ከኋላ ጎማው የተረፈው ካሶኒ ወደ ግድግዳው ይወጣል። መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ውጣ።

ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ይሁን። ነዳጅ ሳትሰጥ በሞተሩ ብቻ ትሂድ፣ እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን። መስመሯ ከተበላሸ በመሪ ልታስተካክል አትታገል። ቁም፣ ወደ ፊት ውጣ፣ ቀጥ አድርጋት፣ እንደገና ግባ። አንዴ በሦስት ምልልስ ብትገባ ገባህ ማለት ነው። ማንም አይቆጥርም።

ረዳትህን በተመለከተ፣ አራት ዓመት ረዳት ነበርክና አንተው ታውቀዋለህ። «ና ና ና» ምን ያህል ርቀት እንደቀረ አይነግርም። ዛሬ ማታ ሻይ ጠጡና ተስማሙ። የሚያሳይህ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በስፖኪዮ የሚታይህ ቦታ ይቁም፤ ከስፖኪዮው ከጠፋ አንተም ቁም። በቀረው ርቀት ልክ መዳፎቹን ያቀራርብልህ። «ቁም» የምትለዋን ቃል ግን ማንም ይበላት፣ ሕፃንም ይሁን፣ ወዲያው ቁም። ወዛደሮቹን በትህትና «ወንድሞቼ፣ አንዴ ዝም በሉልኝ» በላቸው። ዝም ይላሉ፤ ጠይቄ አይቻለሁ።

ልምምዱን ሥራ ላይ አታድርገው። እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልግ። አራት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልተህ እንደ በር አቁማቸው። መጀመሪያ መኪናህን በገመድ ለካት፤ ርዝመቷን፣ ወርዷን፣ ከኋላ ጎማ የተረፈውን። በሩን ሰፋ አድርገህ ጀምርና በየሳምንቱ አንድ አንድ ስንዝር አጥብበው። ጀሪካን ሲወድቅ ወርደህ ለምን እንደወደቀ እይ። እጅህ መንቀጥቀጡን የሚያቆመው እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ወደ ጣርማበር እንሂድ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጣርማበር ከ3000 በላይ ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በአንድ ጉዞ ነው የምትወጣው። ሽንኩርት ጭነህ ስትወጣ ማርሽህን ከኩርባው በፊት ምረጥ። ኩርባው ውስጥ ማርሽ ልቀይር ብለህ ካመለጠህ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ባዶህን ስትወርድ ደግሞ ፍሬን ላይ ብቻ አትተማመን። በከባድ ማርሽና የሞተሩን ጭስ አፍኖ በሚይዘው በጭስ ፍሬን ያዛት። ፍሬን ሲግል መያዙን ያቆማል።

ባለ ተሳቢው ኩርባው ውስጥ የአንተን መስመር የሚወስደው ጥጋብ ይዞት አይደለም። የኋላው ስለሚቆርጥ ሳይሰፋ መታጠፍ አይችልም። አንተ ወራጅ ከሆንክ ከኩርባው በፊት ቀኝህን ይዘህ ቁምና ይለፍ፤ ጭኖ ዳገት የያዘ መኪና ከቆመ መነሳት ይቸገራል። አንተ ጭነህ ስትወጣ እሱ ቀድሞ ከገባም መብቴ ነው አትበል፣ ከኩርባው ሥር ጠብቀው። ጉም ሲኖር ክላክስ ስጥና ጆሮህን ከፍተህ ስማ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቦረቦሩት ዋሻ ውስጥ ከመግባትህ በፊት መብራት አብራ፤ ከ500 ሜትር በላይ ነው፣ ውስጡ መቅደም የለም።

ዳገት ላይ ከቆምክ ረዳትህ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ያድርግ። ስትነሱ ግን ድንጋዩን ከአስፋልቱ ያንሳው። ይሄንን አደራ እልሃለሁ። በማታ ስንት ሰው በተተወ ድንጋይ ተጎድቷል። ትታችሁት ከሄዳችሁ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ለመግዛት ቆማችሁም ቢሆን ተመለሱና አንሱት።

ዘመድህ ስላቀረበልህ ተሳቢ፣ አሁን አትያዝ እላለሁ። ደመወዙ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን ያለ ተሳቢም ገና እየተቸገርክ ነው። ባለ ዘንግ ተሳቢ ሁለት ቦታ ትታጠፋለች፤ አንዱ መንጠቆው ላይ፣ አንዱ የራሷ የፊት ጎማ ላይ። ወደ ኋላ ስትሄድ ትንሽ ስህተት ወዲያው ትሰፋለች። ነባሮቹ ራሳቸው ከቻሉ ወደ ኋላ የማይሄዱበትን ቦታ ይመርጣሉ። ዘመድህን አመስግነውና «ቢያንስ አንድ ዓመት በዚችው ልሥራ» በለው። እስከዚያ እሱ ሲነዳ አንዳንዴ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጠህ እጁን እይ።

የተቆረጠብህን ደመወዝ በተመለከተ፣ ባለንብረቱ ምን ያህል እንደቆረጠና ጥገናው ስንት እንደፈጀ በደረሰኝ እንዲያሳይህ በአክብሮት ጠይቀው። የቀረውን አብራችሁ ተነጋገሩ። ከዚህ በኋላ ግን ጭረት ስትኖር ሌላ ሰው ሳይነግረው ራስህ ደውልለት።

ከአንድ ወር በኋላ ጻፍልኝ። ጀሪካኖቹን ምን ያህል እንዳጠበብካቸው ማወቅ እፈልጋለሁ።